ከ፲፱፻፺፱ ወደ 1999፤ በሊስፕ ቋንቋ የመረጃ ዓይነቶችን ስለ መለወጥ

ግንቦት 27 ቀን 1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996) አሪያን 5 የተባለችው አዲስ የአውሮፓ ሮኬት በደቡብ አሜሪካ፣ በፈረንሳይ ጊያና ከሚገኘው የኩሩ ማምጠቂያ ጣቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተተኮሰች። አራት የምርምር ሳተላይቶችን ተሸክማ ነበር። የበረራው ሂደት በተጀመረ በ40 ሰከንድ ገደማ፣ 3,700 ሜትር ያህል ከፍ ካለች በኋላ፣ በድንገት ከመንገዷ ታጥፋ ተሰባበረች፤ ፈነዳችም።

በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ በዣክ-ሉዊ ሊዮንስ የሚመራ መርማሪ ቡድን በቀጣዩ ወር ያወጣው ዘገባ የአደጋውን መነሻ በግልጽ አስቀምጧል። ከሮኬቷ አግድም ፍጥነት ጋር የተያያዘ አንድ ቁጥር በ64 ቢት፣ በተንሳፋፊ ነጥብ ተጽፎ ይገኝ ነበር። ፕሮግራሙ ይህን ቁጥር ወደ ባለ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር ሊለውጠው ሞከረ። ባለ ምልክት ሙሉ ቁጥር በ16 ቢት ሲጻፍ ሊደርስ የሚችለው እስከ 32,767 ብቻ ነው። የተገኘው ቁጥር ደግሞ ከዚያ በለጠ። ፕሮግራሙ ከቀድሞዋ አሪያን 4 የተወረሰ ሲሆን፣ በአሪያን 4 የበረራ ጎዳና ላይ ይህ ቁጥር ያን ያህል ከፍ ስለማይል ልውጠቱ ያለ መከላከያ ተትቶ ነበር። የበለጠ የሚያስቆጨው ግን ያ ስሌት ሮኬቷ ከመሬት ከተነሣች በኋላ ምንም አገልግሎት የሌለው መሆኑ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ ለዛሬው ርእሳችን ግን ከመጀመሪያው ስህተት ያላነሰ ትምህርት አለው። የአቅጣጫ መለኪያው መሣሪያ ሥራውን ሲያቋርጥ የብልሽት ምልክት የሆኑ ቢቶችን ወደ ዋናው ኮምፒውተር ላከ። ዋናው ኮምፒውተር እነዚያን ቢቶች እንደ ብልሽት መልእክት ሳይሆን እንደ በረራ መረጃ አነበባቸው። ሮኬቷ ያልነበረባትን መዛነፍ ለማቃናት የሞተሮቿን አፍ አዞረች፤ የገደላትም ይኸው መታጠፍ ነው።

እንግዲህ ሁለት ስህተቶች ተደራርበዋል ማለት ነው። አንደኛው አንድን ዋጋ ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ ዓይነት ሲለውጡ ምን ሊጠፋ እንደሚችል አለመጠየቅ ነው። ሁለተኛው ቢቶቹ የምን ዓይነት መረጃ እንደሆኑ አለማወቅ ነው። የአሪያን ፕሮግራም የተጻፈው በአዳ ቋንቋ እንጂ በሊስፕ አልነበረም። ሆኖም ሊስፕ ሁለቱንም ጥያቄዎች በራሱ መንገድ ስለሚመልስ፣ የዓይነት ልውጠትን ምንነት ለመረዳት ከእርሱ የተሻለ መማሪያ ማግኘት አስቸጋሪ ይመስለናል።

ዓይነቱ የማን ነው?

ሊስፕ እ.ኤ.አ. በ1958 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በጆን ማካርቲ የተጀመረ ቋንቋ ነው። ዛሬም በሥራ ላይ ከሚውሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች መካከል በዕድሜ የሚቀድመው ፎርትራን ብቻ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ከጊዜ በኋላ ብዙ ቅርንጫፎች አውጥቷል፤ እኛ የምንመለከተው እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ተቋም ደረጃ የወጣለትን ኮመን ሊስፕን ነው። የቋንቋው ትእዛዞች በማሽን ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ግን እንደሚነበቡት በራሳችን ፊደል አስፍረናቸዋል። ትእዛዝ በሊስፕ ምንጊዜም በቅንፍ ውስጥ ይጻፋል፤ በቅድሚያ የሚደረገው ድርጊት፣ ቀጥሎ የሚደረግባቸው ነገሮች ይመጣሉ። ሁለትና ሦስትን ለመደመር (+ 2 3) ይባላል ማለት ነው።

ሲ ወይም ጃቫ የተማሩ አንባቢያን ዓይነት የተለዋዋጩ መሆኑን ለምደዋል። ተለዋዋጩ ገና ሲታወጅ ሙሉ ቁጥር የሚያዝበት ሣጥን ነው ይባላል፤ ከዚያ በኋላ በሣጥኑ ውስጥ የተገኘው ሁሉ እንደ ሙሉ ቁጥር ይነበባል። በሊስፕ ግን ሣጥኑ ዓይነት የለውም፤ ዓይነት ያለው በውስጡ የተቀመጠው ዕቃ ነው። እያንዳንዱ ዋጋ የራሱን መታወቂያ ይዞ ይዞራል። መታወቂያውም ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም፤ በማህደረ ትውስታ ውስጥ ከዋጋው ጋር የሚቀመጡ ጥቂት ቢቶች ናቸው። ኤስ.ቢ.ሲ.ኤል. የተባለው የኮመን ሊስፕ አጠናቃሪ በ64 ቢት ማሽን ላይ ለትንንሽ ሙሉ ቁጥሮች ከ64ቱ ቢቶች አንዱን ለመታወቂያነት ወስዶ በቀሩት 63 ቢቶች ቁጥሩን ይጽፋል።

በዚህም ምክንያት አንድ የብልሽት መልእክት በሊስፕ ውስጥ ቁጥር መስሎ ሊያልፍ አይችልም። ደምረኝ ተብሎ ቢቀርብ መደመሪያው በቅድሚያ መታወቂያውን ይጠይቃል፤ ቁጥር ካልሆነ ስህተት መኖሩን ያስታውቃል። ሙሉ ቁጥሮችም በ16 ወይም በ64 ቢት አጥር ውስጥ አይታጠሩም። ውጤቱ ከማሽኑ ቃል ስፋት ሲበልጥ ሊስፕ ራሱ ወደ ትልቅ ቁጥር ዓይነት ያሸጋግረዋል፤ ማህደረ ትውስታው እስከ ፈቀደ ድረስም አኃዞች ይጨመራሉ።

ይህን ስንል ሮኬቷ በሊስፕ ብትመራ ኖሮ ትድን ነበር ማለታችን አይደለም። አዳም ቢሆን ቁጥሩ መብለጡን አይቶ ስህተቱን አስታውቋል፤ የጎደለው ሰሚ ነበር። በሊስፕም ፕሮግራመሩ ለፍጥነት ሲል አጠናቃሪውን የደኅንነት ፍተሻህን ተው ብሎ ማዘዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ መታወቂያ የሚጠይቅ አይኖርም።

መለወጥ ወይስ መቅዳት?

በሊስፕ ለዓይነት ልውጠት በመጀመሪያ የሚጠቀሰው ፋንክሽን ኮኧርስ ይባላል። የሚለወጠውን ዋጋና የሚፈለገውን ዓይነት ይቀበላል። (ኮኧርስ '(1 2 3) 'ቬክተር) ብንለው ዝርዝሩን ተቀብሎ #(1 2 3) የተባለ ቬክተር ይመልሳል። ዝርዝር እያንዳንዱ አባል ቀጣዩን እየጠቆመ የሚሄድበት ሰንሰለት ነው፤ ሺኛውን አባል ለማግኘት የቀደሙትን ሁሉ ማለፍ ግድ ነው። ቬክተር ግን ጎን ለጎን የተደረደሩ መደርደሪያዎች ነው፤ ሺኛው በአንድ ርምጃ ይገኛል። ስለዚህ ልውጠቱ የስም ለውጥ ብቻ አይደለም፤ ይዘቱ ያው ሆኖ አቀማመጡ ይለያያል። ስትሪንግ የሚባለው የፊደል ሰንሰለትም በሊስፕ ፊደላትን የያዘ ቬክተር ስለሆነ በዚሁ መንገድ ወደ ዝርዝር ይለወጣል። "ሰላም" የሚለው ስትሪንግ ሰ፣ ላ እና ም የተባሉ ሦስት ፊደላት ዝርዝር ይሆናል።

እዚህ ላይ የአማርኛው ቃል ሊያሳስተን ይችላል። "ብር ለወጠ" ስንል የቀድሞው ብር ከእጃችን ወጥቷል። ኮኧርስ ግን ምንም አይወስድብንም፤ ዝርዝሩ በነበረበት ይቀመጣል፤ ቬክተሩ አዲስ ዕቃ ሆኖ ይፈጠራል። ከመለወጥ ይልቅ መቅዳት ቢባል ይቀርበዋል። ነገር ግን ይህም ሁልጊዜ አይሠራም። የቀረበው ዋጋ አስቀድሞ የተጠየቀው ዓይነት ከሆነ ኮኧርስ ቅጂ ሳያወጣ ያንኑ ዕቃ መልሶ ይሰጣል። ስትሪንግን ወደ ቬክተር ለውጥ ብንለው ስትሪንግ ራሱ ቬክተር ስለሆነ የሚመለሰው ያው ስትሪንግ ነው። ቅጂ ያገኘ መስሎት "ቅጂው" ላይ አንድ ፊደል የቀየረ ተማሪ ዋናው ጽሑፍም አብሮ ሲቀየር ማየቱ አይቀርም። ቅጂ የሚፈልግ ቅጂ የሚያወጣውን ፋንክሽን በስሙ ይጥራ።

ኮኧርስ እምቢ የሚልባቸው ልውጠቶች ከሚቀበላቸው ይልቅ ትምህርት ይሰጣሉ። (ኮኧርስ 1 'ፍሎት) ብንል 1.0 ይሰጠናል። ተቃራኒውን፣ 3.7ን ወደ ሙሉ ቁጥር ለውጥ ብንለው ግን ስህተት ነው ይላል። "12" የሚለውን ስትሪንግ ወደ ቁጥር ለውጥ ብንለውም እንዲሁ። ጀማሪ ተማሪ ይህን እንደ ቋንቋው ድክመት ይቆጥረዋል፤ በሌሎች ቋንቋዎች አንድ ቅንፍ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነውና። ሊስፕ ግን እምቢ የሚለው ጥያቄው ከአንድ በላይ መልስ ስላለው ነው።

ሙሉ ቁጥር ለመሆን አራት በር

3.7 የትኛው ሙሉ ቁጥር ነው? ሊስፕ ለዚህ አራት በሮችን ከፍቷል። ፍሎር ወደ ታች፣ ሲሊንግ ወደ ላይ፣ ትራንኬት ወደ ዜሮ፣ ራውንድ ደግሞ በጣም ወደሚቀርበው ሙሉ ቁጥር ይወስዳል። ለ3.7 ፍሎርና ትራንኬት ሁለቱም 3 ይላሉ፤ ስለዚህ ልዩነታቸውን ሳያስተውሉ ለዓመታት መጠቀም ይቻላል። ቁጥሩ -3.7 ሲሆን ግን ፍሎር -4፣ ትራንኬት -3 ይሰጣሉ። ከባሕር ጠለል በታች ያለውን የዳሎልን ዝቅተኛ ቦታ ከፍታ በአሉታዊ ቁጥር የሚመዘግብ ሰው በሁለቱ በሮች መካከል የአንድ ሜትር ልዩነት ያገኛል።

ራውንድ ለብቻው ትኩረት ይሻል። በትምህርት ቤት ግማሽ ሲሆን ወደ ላይ ይጠጋ ተብለን ተምረናል። የሊስፕ ራውንድ ግን ግማሽ ላይ ሲደርስ ወደሚቀርበው ተጋማሽ ቁጥር ይሄዳል። በአንድ ፈተና አንዱ ተማሪ 49.5፣ ሌላው 50.5 አገኙ እንበል። (ራውንድ 49.5) መልሱ 50 ነው፤ (ራውንድ 50.5) መልሱም 50 ነው። የአንድ ሙሉ ነጥብ ልዩነት ተሰወረ። ይህ ስህተት ሳይሆን ታስቦበት የተደረገ ነው። ግማሾች ሁሉ ወደ ላይ ቢጠጉ የብዙ ቁጥሮች ድምር ቀስ በቀስ ወደ ላይ ያዘነብላል፤ ግማሹ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች ሲሄድ ግን ማዘንበሉ ይጠፋል። ለሺህ ልኬቶች አማካይ ፍትሐዊ የሆነው ሕግ ለሁለቱ ተማሪዎች ፍትሐዊ ላይሆን ይችላል። የውጤት መዝገብ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የትኛውን በር እንደመረጠ ማወቅ ብቻ ሳይሆን ማስረዳትም ይጠበቅበታል።

አራቱም ፋንክሽኖች አንድ የሚያስመሰግን ጠባይ አላቸው፤ የጣሉትን አይደብቁም። እያንዳንዳቸው ሁለት ዋጋ ይመልሳሉ፤ የመጀመሪያው ሙሉ ቁጥሩ፣ ሁለተኛው ቀሪው ነው። (ፍሎር 7 2) ስንል 3 እና 1 እናገኛለን። ፕሮግራመሩ ቀሪውን ካልፈለገው ዝም ሊለው ይችላል፤ ከፈለገው ግን በልውጠቱ ላይ ምን እንደጠፋ በእጁ ነው። ይህ ሁለተኛ ዋጋ ወደ ፊደላችን ስንደርስ ያልተጠበቀ ጥቅም ይሰጠናል።

የአንድ አሥረኛ ጣጣ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991፣ በመጀመሪያው የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ወቅት፣ በሳዑዲ ዓረቢያ በዳህራን የነበረ የፓትሪዮት ፀረ-ሚሳይል ሥርዓት አንድ የኢራቅ ስከድ ሚሳይል ሳያከሽፍ ቀረ። ሚሳይሉ በአሜሪካ ወታደሮች ማደሪያ ላይ ወድቆ 28 ሰዎችን ገደለ። ሥርዓቱ ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነበር፤ ቆጠራውን ወደ ሰከንድ ለመለወጥ በ1/10 ያባዛል። 1/10 ደግሞ በሁለት ቤት አቆጣጠር መጨረሻ የሌለው ቁጥር ነው፤ 1/3 በአሥርዮሽ 0.333 እያለ እንደሚቀጥለው ማለት ነው። በ24 ቢት ሲቆረጥ የሚጎድለው ከ10 ሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ሥርዓቱ ግን ሳይጠፋ ከ100 ሰዓት በላይ ሠርቶ ስለነበር ጉድለቱ ተጠራቅሞ 0.34 ሰከንድ ገደማ ደረሰ። በዚያች ቅጽበት ስከድ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል።

በሊስፕ 1/10 ብለን ብንጽፍ የማካፈል ትእዛዝ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ቁጥር ነው። ላዕሉና ታህቱ ለየብቻ በሙሉ ቁጥርነት ስለሚያዙ ምንም አይቆረጥም። አሥር ጊዜ ብንደምረው በትክክል 1 ይሆናል። 0.1 ብለን ብንጽፍ ግን ተንሳፋፊ ቁጥር ነው፤ ገና ስንጽፈው ተቆርጧል። ራሽናል የተባለው ፋንክሽን በማሽኑ ውስጥ በእርግጥ የተቀመጠው ምን እንደሆነ ይነግረናል። (ራሽናል 0.1) በነጠላ ትክክለኛነት 13421773/134217728 ይሆናል። ከ1/10 በጥቂቱ ይበልጣል። ራሽናላይዝ የተባለው ወንድሙ ደግሞ፣ ጸሐፊው ምን ለማለት ፈልጎ ይሆን ብሎ ቀለል ያለውን ክፍልፋይ ይፈልግና 1/10 ይላል። ሁለቱም ከተንሳፋፊ ወደ ክፍልፋይ ይለውጣሉ፤ አንዱ ለማሽኑ፣ ሌላው ለሰው ሐሳብ ይታመናል።

ታዲያ ክፍልፋይና ተንሳፋፊ ሲገናኙ ምን ይሆናል? እዚህ ሊስፕ ሳይጠየቅ ይለውጣል፤ ውጤቱ ሁልጊዜ ተንሳፋፊ ነው። በትክክለኛ ክፍልፋዮች የተሠራ ረጅም ስሌት አንድ 0.1 ቢገባበት ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ግምት ይሆናል። የሙያው ሰዎች ይህን ተላላፊነት ይሉታል፤ ስሙ ከበሽታ መወሰዱ ተገቢ ነው። ሲወዳደሩ ግን ሕጉ ይገለበጣል፤ ለማወዳደር ሲባል ተንሳፋፊው ነው ወደ ክፍልፋይ የሚለወጠው። ስለዚህ (= 1/10 0.1) ብለን ብንጠይቅ መልሱ "አይደለም" ነው። ብዙ ተማሪዎች ይህን መልስ ሲያዩ ማሽኑ የተበላሸ ይመስላቸዋል።

ከጽሑፍ ወደ ቁጥር

ፕሮግራም ከሰው የሚቀበለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፍ ነው። "12" ስትሪንግ ነው፤ በውስጡ ያሉት '1' እና '2' የተባሉ ፊደላት ሲሆኑ የመለያ ቁጥራቸው 49 እና 50 ነው። ከእነዚህ አሥራ ሁለትን ማውጣት መለወጥ ሳይሆን ማንበብ ነው፤ ኮኧርስ እምቢ ያለውም ለዚህ ነው። ለንባቡ ፓርስ-ኢንቲጀር የተባለ ፋንክሽን አለ። ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደ እስካሁን ያገኘውን በ10 ያባዛል፤ አዲሱን አኃዝ ይደምራል። ቁጥር ያልሆነ ነገር ሲያገኝ ያቆምና ስህተቱን ያስታውቃል። የአቆጣጠሩን ቤት ብንነግረው በ2ም ሆነ በ16 የተጻፈውን ያነባል።

ሰነፍ ፕሮግራመር የሚወደው ሌላ መንገድም አለ፤ ሪድ-ፍሮም-ስትሪንግ ይባላል። ይህ የሊስፕ የራሱ አንባቢ ነው። "12" ቢሰጡት 12፣ "3/4" ቢሰጡት ክፍልፋዩን፣ "(1 2)" ቢሰጡት ዝርዝሩን ይመልሳል። ሁሉን ስለሚያነብ ድንቅ ነው፤ የሚያሰጋውም ሁሉን ስለሚያነብ ነው። በሊስፕ አጻጻፍ # እና ነጥብ ተከታትለው ከመጡ ቀጥሎ ያለው ትእዛዝ ገና በንባብ ላይ ሳለ እንዲፈጸም ያዛሉ። አንድ የመመዝገቢያ ፕሮግራም የተማሪውን ዕድሜ በዚህ ፋንክሽን ቢያነብ፣ ተንኮለኛ ሰው በዕድሜ ፈንታ ፋይል የሚያጠፋ ትእዛዝ ጽፎ ሊያስገባ ይችላል፤ ፕሮግራሙም ቁጥር የሚያነብ መስሎት ይፈጽመዋል። *ሪድ-ኢቫል* የተባለውን ተለዋዋጭ ባዶ በማድረግ ይህን በር መዝጋት ይቻላል። ቁጥር ብቻ ለሚፈልግ ሰው ግን ፓርስ-ኢንቲጀር ይበቃዋል።

ከጽሑፍ ወደ ሲምቦል፣ ማለትም ለፕሮግራሙ ስም ሆኖ ወደሚያገለግለው የሊስፕ ዓይነት፣ በሚደረገው ልውጠት ላይ ደግሞ የላቲን ፊደል ተጠቃሚዎችን የሚያውክ አንድ ወጥመድ አለ። የሊስፕ አንባቢ ስሞችን ሁሉ ወደ ትልልቁ የላቲን ፊደል ስለሚቀይር፣ በትንንሹ ከተጻፈ ስትሪንግ የተፈጠረ ሲምቦል በፕሮግራሙ ውስጥ ከተጻፈው ጋር አይገናኝም። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው በዩኒኮድ በሚሠሩ የሊስፕ ሥርዓቶች ላይ "ሰላም" ከየትም ቢመጣ ያው "ሰላም" ነው።

ፊደልና ቁጥሩ

የኢትዮጵያ ፊደል ዓለም አቀፍ በሆነው የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ሀ የተሰጠው ቁጥር 4608 ነው። በሊስፕ ካር-ኮድ የተባለው ፋንክሽን ፊደልን ወደ መለያ ቁጥሩ፣ ኮድ-ካር ደግሞ ቁጥሩን ወደ ፊደል ይለውጣሉ። ሠንጠረዡ ለእያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ቦታ ስለመደበ ሀ ከ4608፣ ለ ከ4616፣ ሐ ከ4624፣ መ ከ4632 ይጀምራሉ።

አሁን ፍሎር የሚመልሳቸውን ሁለት ዋጋዎች እናስታውስ። የሙ ቁጥር 4633 ነው፤ 4608 ሲቀነስለት 25 ይቀራል። (ፍሎር 25 8) ስንል 3 እና 1 እናገኛለን። ከዜሮ ስንቆጥር 3 የመ ቤተሰብ ነው፤ ቀሪው 1 ደግሞ ካዕብ ማለት ነው። አንድ ማካፈል ቤተሰቡንና ድምፁን ለየብቻ ሰጠን። ቀሪውን ከመለያ ቁጥሩ ቀንሰን በኮድ-ካር ብንመልሰው ሙ ወደ መ፣ ሉ ወደ ለ ይመለሳሉ፤ "ሙሉ" የሚለው ቃል "መለ" ይሆናል። መዝገበ ቃላትን በተነባቢዎቹ ብቻ ለመፈለግ ይህ ጥሩ መነሻ ነው። እንደ ቈ ያሉት ፊደላት የራሳቸው ረድፍ ስላላቸው ለእነርሱ ተጨማሪ ሕግ ያስፈልጋል።

አኃዞቻችን ግን እንዲህ በቀላሉ አይገሩም። ፓርስ-ኢንቲጀር "፲፱፻፺፱" ቢሰጠው ስህተት ነው ይላል። ዩኒኮድም እነዚህን ምልክቶች ከአሥርዮሽ አኃዞች ተርታ አልመደባቸውም፤ ትክክልም አድርጓል። ዜሮ የላቸውም፤ ዋጋቸውም እንደ ተቀመጡበት ቦታ በአሥር እጥፍ አይጨምርም። ነገሩን የሚያስገርመው የኮመን ሊስፕ ደረጃ ቁጥርን በሮማውያን አኃዝ የሚጽፍ ትእዛዝ ያካተተ መሆኑ ነው። የእኛን ራሳችን እንጻፈው።

ከ፩ እስከ ፱ ያሉት ከ4969 እስከ 4977፣ ከ፲ እስከ ፺ ያሉት ከ4978 እስከ 4986 ተቀምጠዋል፤ ፻ 4987 ነው። ስለዚህ ለነጠላዎቹ 4968 መቀነስ፣ ለአሥሮቹ ደግሞ 4977 ቀንሶ በ10 ማባዛት ዋጋቸውን ይሰጣል። ከ10,000 በታች ላለ ቁጥር ድምሩን ከዜሮ እንጀምር። ነጠላ ወይም አሥር ሲመጣ እንደምር፤ ፻ ሲመጣ ድምሩን በ100 እናባዛ፤ ድምሩ ገና ዜሮ ከሆነ ግን 100 እንበል። ለ፲፱፻፺፱ ድምሩ 10፣ 19፣ 1900፣ 1990 እያለ 1999 ላይ ይደርሳል። ፳፻ም 2000 ይሆናል።

ሥራው ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሰው የአረብኛውን አጻጻፍ በመከተል ፩፱፱፱ ብሎ ቢያስገባስ? እንዲህ ዓይነት አጻጻፍ አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ፕሮግራማችን አንድ ሲደመር ዘጠኝ፣ ዘጠኝና ዘጠኝ ብሎ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ 28 ይመልሳል። በ1999 የተወለደ ሰው በ28 እንደተወለደ ሆኖ ይመዘገባል ማለት ነው። ኮኧርስ 3.7ን ሲያይ እምቢ እንዳለው የእኛም ፋንክሽን እምቢ ማለት መቻል አለበት። ሕጉ አጭር ነው። ነጠላ አኃዝ የሚደመረው እስካሁን ያለው ድምር በ10 ያለ ቀሪ ሲካፈል ብቻ ነው፤ አሥሮች የሚደመሩት ድምሩ በ100 ያለ ቀሪ ሲካፈል ብቻ ነው፤ ፻ የሚያባዛው ድምሩ ከ100 በታች ሲሆን ብቻ ነው። ከዚህ ውጭ የሆነው ሁሉ ስህተት ይባል። ፩፱፱፱ ሁለተኛው ፊደል ላይ ይያዛል፤ ፱፲ም እንዲሁ፤ ፲፱፻፺፱ ግን ሳይነካ ያልፋል።

ወደ ኋላ ለመመለስ፣ ማለትም 1999ን በግዕዝ አኃዝ ለመጻፍ፣ ፍሎር እንደገና ያገለግለናል። (ፍሎር 1999 100) 19 እና 99 ይሰጣል፤ ሁለቱንም በ10 ስናካፍል 1 ከ9፣ 9 ከ9 እናገኛለን። አሥሮቹ ላይ 4977፣ ነጠላዎቹ ላይ 4968 ደምረን ለኮድ-ካር ስንሰጥ ፲፣ ፱፣ ፺ እና ፱ ይወጣሉ፤ በመካከል ፻ን ማስገባት ብቻ ይቀራል። ፕሮግራሙን የምትጽፉ አንባቢያን 100ን፣ 1000ን እና 2007ን ሞክሩበት፤ ከ፻ በፊት ፩ የማይጻፍ መሆኑንና ዜሮ የሆነ ቦታ ምንም ምልክት የማይወጣለት መሆኑን ካልነገራችሁት ከሦስቱ ቢያንስ በአንዱ ላይ ይሰናከላል። ከዚያ ቀጥሎ ፼ አለ፤ ቁጥሩን ከቀኝ በኩል በ10,000 እየቆረጡ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ከላይ ያለውን ሥራ መድገም ነው። አንድ ሚሊዮንን ስትሰጡት ፻፼ ካለ ትክክል ሠርታችኋል።